ከአሞሌ እስከ ምናሌ፦ ስለ ሰቆጣ ምግብ ቤቶች ታሪክ

መግቢያ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ምሳ እየበላን ሳለ የትውልድ አገሬን ጠየቀኝ። «ሰቆጣ» አልኩት። የጎረሰውን አላምጦ ከዋጠ በኋላ «እዚያ ደግሞ ምን ይበላል?» አለኝ። በጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። የሰቆጣን ስም የሰማው በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ስለ ከተማዋ ሌላ ነገር የነገረው ሰው አልነበረም። እኔም ማርና የፍየል ሥጋ ጠቅሼ ነገሩን አለፍኩት። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንድ ከተማ በረኃብ ብቻ ስሙ ሲነሣ የገበታው ታሪክ ወዴት ይሄዳል?

ይህ አጭር ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው። ዓላማው በሰቆጣና በአካባቢዋ በዋግ ኽምራ ደጋ ምግብና መጠጥ በገንዘብ የሚሸጥባቸው ቤቶች እንዴት እንደመጡ፣ ከምን ሥርዓት ወጥተው ወደ ምን እንደደረሱ መመርመር ነው። ጉዳዩ የታሪክ ይሁን እንጂ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪም ቅርብ ነው። የነዚህ ቤቶች ታሪክ ከሰነድ ይልቅ በቃላት፣ በምልክትና በአነጋገር ተጠብቆ ይገኛልና።

1. ሳይሸጥ የሚበላበት ዘመን

በቀድሞው ኅብረተሰባችን የተሠራ ምግብ መሸጥ ነውር ነበር። እህል ይሸጣል፤ ከብት ይሸጣል፤ ማር ይሸጣል። እንጀራና ወጥ ግን ይሰጣል እንጂ አይሸጥም። ስለዚህ ከቤቱ የራቀ ሰው የሚበላባቸው መንገዶች ሌሎች ነበሩ።

የመጀመሪያው ግብር ነው። ባለሥልጣን በአዳራሹ ሠራዊቱንና ደጅ ጠኚውን በየማዕረጉ እያስቀመጠ ያበላል። የግብር ሥርዓት ምን ይመስል እንደነበር ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ«ዝክረ ነገር» አስፍረውታል። ሰቆጣም የዋግሹሞች መናገሻ እንደመሆኗ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አልነበረችም። ዋግሹሞች ከዛጉዌ ነገሥታት እንደሚወለዱ በትውፊት ይነገርላቸዋል። ከመካከላቸው ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል፤ ዋግሹም ጓንጉል ደግሞ በ1888 ዓ.ም. የዋግን ጦር ይዘው ዓድዋ ዘምተዋል። እንዲህ ያለ ጦር የሚያስከትል ቤት ማድቤቱም ሰፊ፣ የጠጅ ቤቱም ብርቱ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው መንገድ ድርጎ ነው። በመንግሥት ትእዛዝ የሚጓዝ ሰው በደረሰበት አገር ገበሬው እንጀራ፣ ወጥና ጠላ እንዲያቀርብለት ይገደዳል። ለተቀባዩ ክብር፣ ለሰጪው ግን ዕዳ ነበር። ሦስተኛው መንገድ የእግዜር እንግድነት ነው። መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ!» እያለ ከደጅ የቆመ መንገደኛ እግሩ ታጥቦ፣ ያለው ቀርቦለት፣ አድሮ ይሄዳል። ከሦስቱ አንዱንም ያላገኘ በስልቻው የያዘውን በሶ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማል።

ይህ ልማድ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ከዋና ከተማው ታሪክ መረዳት ይቻላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ ሰው ከፍሎ መብላትን አፍሮ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው እየገቡ በመብላትና ሒሳብ በመክፈል አለማመዱ እየተባለ ይነገራል። ታሪኩ በትክክል እንዲህ ሆነም አልሆነ፣ እንዲህ ተብሎ መነገሩ ራሱ የነውሩን ክብደት ያሳያል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ምግብ ከፍሎ መብላት ከቤተ መንግሥት ወርዶ ወደ ሕዝቡ የገባ አዲስ ልማድ ነው? በእኔ አስተያየት አይደለም። ቢያንስ እንደ ሰቆጣ ባሉ የገበያ ከተሞች ለልማዱ መሬቱን ያለሰለሰው ጨው ነው።

2. የጨው መንገድ

ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከአርሆ፣ እየተፈለጠ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ከዚያ በበቅሎና በአህያ እየተጫነ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ነበረች። እዚህ የተራገፈው ጨው እንደገና እየተጫነ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይዘልቃል። እንደሚታወቀው አሞሌ ጨው ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፏል። ይኸው ሥራው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀጥሏል።

እንግዲህ የጨው ነጋዴን ሁኔታ እናስብ። እርሱ የመኳንንት ሎሌ ስላልሆነ ግብር አይቀመጥም። የመንግሥት መልእክተኛም ስላልሆነ ድርጎ አይቆረጥለትም። የእግዜር እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ግን የእግዜር እንግዳ አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድ ነው። ነጋዴው በየገበያው ቀን ተመልሶ ይመጣል፤ ያውም ብቻውን ሳይሆን ጭነት ከሚነዱ ባልደረቦቹ ጋር ነው። ይህን ሁሉ ሰው በጽድቅ ብቻ ሲያበላ የሚኖር ቤት የለም። በሌላ በኩል ነጋዴው በእጁ የሚከፍለው ነገር አለ። የገበያው ቀን፣ የመንገደኛው ብዛትና በእጅ ያለው አሞሌ በአንድ ቦታ ሲገናኙ በነውር ታጥሮ የነበረው በር ገርበብ ማለቱ አይቀርም።

በዚህ ግብይት ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ነጋዴው ለወጡ የሚከፍለው ያንኑ ወጥ የሚያጣፍጠውን ነገር ነው። የቤቱ እመቤት የተቀበለችውን አሞሌ ጥቂት ፈቅፍቃ ከድስቱ ብትጨምር ገንዘቧን ወጥ ውስጥ ከተተችው ማለት ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በብዙ አገር ይነገራል፤ አሞሌ እንደ ድንጋይ ተደርድሮ፣ እንደ ብር ተቆጥሮ፣ እንደ ቅመም ይቀመስ በነበረበት ገበያ ግን ትርጉሙ ጎልቶ ይሰማል።

3. ጣሳው ያለበት ቤት

ያ በር መጀመሪያ የተከፈተው ለእንጀራ ሳይሆን ለጠላ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠላ መሸጥ እንጀራ ከመሸጥ ይልቅ ነውሩ ቀለል ያለ ነበር። ዛሬም ቢሆን በሰቆጣ መንደር ውስጥ የሚሄድ ሰው በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካየ ጠላ መኖሩን ያውቃል። ጽሑፍ የለበትም፤ የባለቤቷም ስም የለበትም። ጣሳው ከወረደ ጠላው አልቋል ማለት ነው። ማንበብ ለሚችለውም ለማይችለውም እኩል የሚናገር ምልክት ነው።

ጠላ ሻጮቹ ሴቶች ናቸው። ባሏ የሞተባት፣ የተፈታች፣ መሬት ያልደረሳት ሴት በእጇ ያለው ሀብት ሙያዋ ነበር። የራሴ አክስትም እንዲሁ በጠላ ልጆቿን አሳድጋለች። ቤቷ አንድ ክፍል ሲሆን በግድግዳው ዙሪያ የጭቃ መደብ ነበረው፤ ጋኖቹ ከጓዳ፣ ጌሾው ከጣሪያው ሥር። ዱቤ የወሰደውን ሰው ሒሳብ ከበሩ ጀርባ በከሰል መስመር ትጽፋለች። የእያንዳንዱ ደንበኛ ቦታ የተለየ ስለነበር ስም መጻፍ አላስፈለጋትም። ማንም ሌላ ሰው ሊያነበው የማይችል መዝገብ ነበር። ቤቱ ሲታደስ ግድግዳው በአዲስ ጭቃ ተለሰነና መዝገቡም አብሮ ጠፋ።

ከጠላ ወደ ምግብ የነበረው ጉዞ ደረጃ በደረጃ እንደሆነ ከዚህ ቤት አሠራር መገመት ይቻላል። በመጀመሪያ ከጠላው ጋር የሽምብራ ቆሎ ወይም ንፍሮ በነጻ ይቀርባል፤ ይህ እንግዳ የማክበር ወግ እንጂ ሽያጭ አይደለም። ቀጥሎ ከሩቅ ለመጣ ደንበኛ ቁራሽ እንጀራ በሽሮ ይጨመርለታል። እርሱም ሲወጣ ከጠላው ዋጋ ላይ ጥቂት ያክላል። ዋጋ አልተጠራም፤ የሸጠም የገዛም የለም። ነውሩ በዚህ ዓይነት ሳይሰበር ታለፈ። ውሎ አድሮ ግን እንጀራውም የራሱን ዋጋ አገኘ።

የጠጅ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ጠጅ በቀድሞው ሥርዓት የመኳንንት አዳራሽ መጠጥ ነበር። ዋግ በማር የታወቀ አገር ነው፤ ይሁን እንጂ ቀፎውን የሚሰቅለው ገበሬ ጠጁን በብዛት አይጠጣም ነበር። ማሩ ከገበሬው ቀፎ ተነሥቶ በግብር መልክ ወደ ጌታው ጋን ይወርዳልና። ዛሬ በገበያ ቀን ማሩን ሽጦ ወደ ጠጅ ቤት የሚገባ ገበሬ ከመምህሩና ከቢሮ ሠራተኛው ጎን ተቀምጦ ብርሌውን ሲያነሣ ሳይ የመሬት አዋጅና የአብዮት ታሪክ ያልነገረኝን ነገር እረዳለሁ። በአዳራሽ ሰው በማዕረጉ ይቀመጥ ነበር፤ በጠጅ ቤት የሚቀመጠው በመጣበት ተራ ነው።

4. «ምን አለ?»

የዛሬው ምግብ ቤት ከነዚህ ቤቶች የተወለደ ቢሆንም ሌሎች ወላጆችም አሉት። የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. መንገድና የጦር ሠፈር ይዞ ሲመጣ በኢትዮጵያ ከተሞች ፓስታና ፉርኖም አብረው ገቡ፤ ወራሪው ሲወጣ ቃላቱና ምግቡ ቀሩ። ሆኖም ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ሰቆጣን አልነካትም። የሰቆጣ መንገደኛ ኮረም ላይ ተገንጥሎ ወደ ምዕራብ መጓዝ ነበረበት። ስለዚህ የጭነት መኪና ነጂ የሚበላበት የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ሲበዛ ሰቆጣ በአሮጌው ሥርዓት ቆየች። በጨው ዘመን የመንገድ መናኸሪያ የነበረችው ከተማ በመኪና ዘመን የዳር ከተማ ሆነች።

ለውጡ የጎላው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዋግ ኽምራ ዞን ሆኖ ሰቆጣም ዋና ከተማው ስትሆን ነው። መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ዳኛ፣ የግብርና ሠራተኛ ከሌላ አገር ተመድቦ መጣ። ደመወዝ አለው፤ ቤተሰብ ግን አልያዘም። ይህ ሰው በወር ሒሳብ በኮንትራት የሚበላበት ቤት ያስፈልገዋል። ነጋዴው በገበያ ቀን ብቻ ይበላ ነበር፤ ደመወዝተኛው ግን በየቀኑ ይበላል። ምግብ ቤት ከገበያ ቀን ነጻ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ከነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ብንገባ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር ላናገኝ እንችላለን። ለምግብ ዝርዝር ወረቀት «ምናሌ» የሚል ቃል ተበጅቷል፤ አመሠራረቱም «ምን አለ» ከሚለው ጥያቄ ነው። በሰቆጣ ግን ጥያቄው ገና ቃል አልሆነም፤ ጥያቄ እንደሆነ አለ። እንግዳው ተቀምጦ «ምን አለ?» ይላል። አስተናጋጇም ቆማ፣ ዓይኗን ወደ በሩ አድርጋ፣ በአንድ ትንፋሽ «ፍየል ጥብስ አለ፣ ቅቅል አለ፣ ዱለት አለ፣ ቋንጣ ፍርፍር አለ፤ ለጾም ሽሮ አለ፣ በያይነቱ አለ» ትላለች። «አለ» የሚለው ቃል በየሐረጉ መጨረሻ እየተመለሰ ቤት ይመታል። ቅደም ተከተሉም በዘፈቀደ አይደለም፤ ውዱና በብዛት የሚፈለገው ይቀድማል፤ የጾሙ ከፍስኩ ተለይቶ በመጨረሻ ይመጣል። ይህን ቃል ግጥም ማለት ድፍረት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በቃል የሚያዝ፣ በዜማ የሚወጣ፣ እንደ ዕለቱ የሚለዋወጥ ድርሰት መሆኑን መካድ አይቻልም።

የሚቀርበው ምግብ ደግሞ አገሩን ይናገራል። ፍየሉ ከቆላው፣ ከአበርገሌ በኩል የሚመጣ ነው፤ የአበርገሌ ፍየል ራሱን የቻለ የታወቀ ዝርያ ነው። ጥብሱ ከነአጥንቱ ተቆራርጦ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ገብቶበት፣ በሸክላ ላይ እየተንጣጣ ይቀርባል። እንጀራው የጤፍ ብቻ አይደለም፤ ማሽላና ገብስም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ 16 ቀን የሻደይ ጨዋታ ሲጀመር ልጃገረዶቹ በየመንገዱ ይጨፍራሉ፤ ሥጋ ቤቶቹም ሁለት ሳምንት ዘግተው የቆዩትን በር ይከፍታሉ። በየጠረጴዛው አማርኛ፣ ኽምጣናና ትግርኛ ይሰማል። የጨው መንገድ ያገናኛቸው ቋንቋዎች ዛሬም በአንድ ገበታ ይገናኛሉ።

አዲስ ነገርም ገብቷል። በ2002 ዓ.ም. የተከዜ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ውኃው ባቆረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ የዋግ ወጣቶች ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ። በልጅነቴ በሰቆጣ ዓሣ የሚበላ ሰው አላየሁም። አሁን «ዓሣ ጥብስ አለ» የሚለው ሐረግ በአስተናጋጆች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ቦታው ግን ገና አልጸናም። አንዷ ከጾሙ ጋር፣ ሌላዋ ከፍስኩ ጋር ትጠራዋለች። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ውስጥ ሲካሄድ ይሰማል።

5. ገበታና ረኃብ

አንባቢ እዚህ ላይ ሊቃወመኝ ይችላል። ብዙ ሰው በእርዳታ እህል በሚኖርበት አገር ስለ ጥብስና ስለ ጠጅ መጻፍ ተገቢ ነውን? ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በዋግ ረኃብ የአንድ ጊዜ እንግዳ አልነበረም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂት ያስከተለው ክፉ ቀን አገሩን አራቁቶታል። በ1958 ዓ.ም. ዋግና ላስታ ተርበዋል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረኃብ መጋለጥ ባቀረቡት ጥናት ይህ ረኃብ ተመዝግቧል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ የወጣው በዚያው በ1958 ዓ.ም. መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያ ዓመት የአማርኛ አንባቢ ስለ ጎጃም ገበሬና ባላባት ብዙ ሲያውቅ፣ የዋግ ገበሬ በማን ልብ ወለድ ገጽ ላይ ነበር? ከዚያም 1966ና 1977 መጡ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰቆጣ ድረስ ዘልቆ፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ከተማዋን ተጠግቷል።

ስሙም ከዚሁ ጋር ተጣብቋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ዓላማው ክቡር ነው። ይሁንና ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ስም በየጉባኤው የሚነሣው ከምግብ እጦት ጋር ነው።

የታሪክ ጥናቱም ይህንኑ ክፍፍል ያሳያል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጀምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገጠር ከድህነት ወደ ረኃብ ያመራበትን ታሪክ ከ1900 እስከ 1935 ተንትኗል። በ2009 ደግሞ ስለ አፍሪካ የምግብ ሙያ ታሪክ ሲጽፍ እቴጌ ጣይቱ በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያሰናዱትን ታላቅ ግብር እንደ ዋና ማስረጃ ወስዷል። ሁለቱም ጠቃሚ ሥራዎች ናቸው። ግን አንድ ሰው በጻፋቸው በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ክፍተት ይታየኛል። ሰሜን ምሥራቁ የረኃብ ታሪክ ሲደርሰው የሙያ ታሪክ ለቤተ መንግሥት ሆነ። የሰቆጣ ጠላ ሻጭ በመጀመሪያው መጽሐፍ የተራበች፣ በሁለተኛው ደግሞ የሌለች ትሆናለች። በሥነ ጽሑፋችንም ቢሆን የአዲስ አበባ ቡና ቤትና መጠጥ ቤት ከ«ከአድማስ ባሻገር» ጀምሮ ደጋግሞ ሲሣል፣ የደጋው የገበያ ከተማ ጠላ ቤት ሠዓሊ አላገኘም።

ስለዚህ ለተቃውሞው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ረኃብ የሚያጠፋው እህልና ሰው ብቻ አይደለም። ዘር ሲበላ ዝርያ ይጠፋል፤ ባለሙያ ስትሰደድ ሙያዋ ይጠፋል፤ ጋኑ ተሰብሮ ሲቀር የጥንስሱ ልክ ይጠፋል። የጠፋውን ለማወቅ የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሕዝብ ምን ይበላ እንደነበር፣ በምን ሙያ፣ በምን ወግ እንደሚያቀርበው ሳይመዘገብ የተራበበት ዘመን ብቻ ቢመዘገብ፣ ረኃቡ የደረሰበት ነገር መሆኑ ይቀርና ተፈጥሮው ይመስላል። ጓደኛዬን «እዚያ ደግሞ ምን ይበላል?» ያሰኘው ይኸው ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው በሰቆጣ ምግብ ከፍሎ መብላት ከላይ የወረደ ፋሽን አልነበረም። የግብርና የድርጎ ሥርዓት ያልሸፈነውን መንገደኛ ለማስተናገድ በጨው ገበያ ዙሪያ የተጀመረ፣ በጠላ ሻጭ ሴቶች እጅ ቀስ በቀስ የተገነባ፣ በደመወዝተኛው ዘመን የተስፋፋ ልማድ ነው። ይህ አስተያየት ነው፤ ሊታረምም ይችላል። ለማረም ግን ማስረጃው መሰብሰብ አለበት፤ ማስረጃው ደግሞ በቤተ መዛግብት ሳይሆን በየመንደሩ ጓዳ ነው።

ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግሹሞች አስከሬን በሣጥን ተጠብቆ ይገኛል። ያበሉት ጌቶች አካላቸው ሳይቀር ቆይቶናል። ያበሰሉት ሴቶች ግን ስማቸውም አልቆየን። የዚህ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲቸገሩ አያለሁ። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማስታወሻ ደብተር ይዞ ጣሳው ካለበት ቤት መግባት፣ ከመደቡ ዳር መቀመጥና ባለቤቷን «ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መጻፍ ያስፈልጋል፤ አልቋል የምትለውንም ጭምር።